የበጉ ትኩሳትና የውቅያኖሱ ሙቀት

በሶማሊላንዷ ሐርጌሳ የእንስሳት ገበያ ዋጋ ጮክ ተብሎ አይጠራም። ሻጭና ገዢ በፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አንዱ ጣት ይጨብጣል፣ ሌላው ይለቃል፣ ዙሪያውን የቆመ ሰው ሳይሰማ ሒሳቡ ያልቃል። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው አካሉ ነጭ፣ ራሱ ጥቁር የሆነው የሶማሌ በግ ነው። ከጅግጅጋና ከደጋሃቡር በኩል ድንበር አቋርጦ የሚመጣውም ብዙ ነው። መዳረሻው በርበራ ወደብ፣ ከዚያም ሳውዲ አረቢያ ነው፤ ገበያው በተለይ በሐጅ ሰሞን ይደምቃል። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ሱቅ የከፈተ ሰው እንኳ በዕድሜው በግ ነድቶ ባያውቅ፣ ደንበኛው እጅ ላይ ያለው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ንግድ የመጣ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ይህ ንግድ ቀጥ አለ። በሳውዲ አረቢያ ጂዛን አካባቢና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሽታው ከአፍሪካ ውጭ መከሰቱ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ቫይረሱ ሲመረመር እ.ኤ.አ. በ1997 እና 1998 ኬንያንና ደቡብ ሶማሊያን ካጠቃው ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ በሚመጣ እንስሳ ላይ በራቸውን ዘጉ፤ ሳውዲ አረቢያ መልሳ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሶማሊላንድ ውስጥ ወረርሽኝ ሳይመዘገብ፣ በጎቿ ጤነኛ መሆናቸውን በማስረጃ የሚናገርላት ስላልነበረ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ዋናውን ገበያዋን አጣች። አርብቶ አደሩ ሩዝና ስኳር የሚገዛው ፍየል ሸጦ ነው። የመንግሥቱም ዋና ገቢ የበርበራ ቀረጥ ነበር። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የእገዳውን ጉዳት ከወደቡ አልፈው እስከ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቤተሰቦች ድረስ ተከታትለው መዝግበዋል።

ለመሆኑ ይህ በሽታ ምንድን ነው? ስሙን ያገኘው ኬንያ ውስጥ፣ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ መጀመሪያ የታየበት እርሻ ካለበት ስምጥ ሸለቆ ነው። ተመራማሪዎች እዚያ ግልገሎች በጅምላ ሲያልቁ አይተው እ.ኤ.አ. በ1931 ቫይረሱን መለየታቸውን አሳወቁ። መንጋ ውስጥ ሲገባ ያረገዙት በጎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይጨነግፋሉ፣ ከተወለደ ጥቂት ቀን የሆነው ግልገልም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ወደ ሰው የሚሻገረው በትንኝ ንክሻ፣ ከዚያ ይበልጥ ግን የታመመ እንስሳ ሲታረድ፣ ሲገፈፍና የጨነገፈ ሽል በባዶ እጅ ሲነሣ ነው። አብዛኛው ሰው እንደ ጉንፋን አድርጎት ያልፋል። ጥቂቶች ግን ዓይናቸው ይጠፋል፣ ወይም ደም እየፈሰሳቸው ይሞታሉ።

እንስሳት ሐኪሞችን ለዓመታት ያስቸገራቸው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ በሽታው ለአምስት፣ ለአሥር ዓመት ደብዛው ጠፍቶ በድንገት የሚመለሰው ከየት ነው? መልሱን ያመጡት የትንኝ አጥኚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኬንያ ውስጥ ጎርፍ ካጥለቀለቀው ረባዳ መሬት የትንኝ እጭ ሰብስበው ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳደጉ። እነዚያ ትንኞች አንድም እንስሳ ነክሰው አያውቁም፤ ሲመረመሩ ግን ቫይረሱ ተገኘባቸው። እናቲቱ በእንቁላሏ አውርሳቸዋለች ማለት ነው። እንቁላሉ ደረቅ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ ረባዳው ለሳምንታት በውኃ ሲሞላ ይፈለፈላል። በእኔ ግምት በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄውን ከበጉ ላይ አንሥቶ ዝናቡ ላይ አደረገው።

የዝናቡን ነገር ደግሞ እንስሳት ሐኪም አያውቀውም። ስለዚህ ተራው የውቅያኖስና የሳተላይት ሰዎች ሆነ። የፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ሲሞቅ፣ በዚያው ሰሞን የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስም ከሞቀ፣ የምሥራቅ አፍሪካ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ከልኩ ያልፋል። የምድሩ መለምለም ከሳተላይት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እነዚህን መረጃዎች ከአሮጌ የወረርሽኝ መዝገቦች ጋር አስተያይቶ፣ በሽታው እስከ አምስት ወር ቀድሞ ሊተነበይ እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጸው ተመራማሪዎቹ በዚሁ ዘዴ ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ በታኅሣሥ በሽታው ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ ጋሪሳ ላይ ተረጋገጠ።

ትንበያው ትክክል ነበር። ሰው ግን ሞተ፣ ክትባቱም ዘግይቶ ደረሰ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ሄደው ምን እንዳዩና መቼ እንዳዩ ጠየቁ። መልሱ ሊያስተምረን ይገባል። እረኞቹ በሽታውን የሚያውቁት ከአፍንጫ በሚፈስ ደም ነው፣ በቋንቋቸውም ስም አውጥተውለታል። ከባዱ ዝናብ ከጀመረ በ24 ቀን ገደማ ትንኙ እንደ ደመና ተነሣ፤ ከዚያ በ17 ቀን ገደማ መጀመሪያ የታመመው እንስሳ ታየ፤ ከዚያም ሌላ 17 ወይም 18 ቀን ቆይቶ ሰው ታመመ። አጥኚዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ የእረኞቹ ግምት በጊዜው ከነበሩት ዓለም አቀፍና ክልላዊ ማስጠንቀቂያዎች የፈጠነና ቁርጥ ያለ ነበር የሚል ነው። ማንም ግን ቀድሞ አልጠየቃቸውም። ሰማይ ላይ ሳተላይት ያለው ሰው መንጋው መሐል የቆመውን ሳይጠይቅ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ይህን አምኖ የጻፈው ራሱ ምርምሩ መሆኑ ግን ያስከብረዋል።

ሶማሊላንድ ከእገዳው የወጣችበት መንገድም ዕውቀት ይጠይቅ ነበር። የእንስሳ ደም ሁለት ዓይነት ምልክት ይይዛል። አንደኛው በቅርቡ የተያዘን እንስሳ የሚያሳይና ቶሎ የሚጠፋ ነው፤ ሁለተኛው ከዓመታት በፊት ታሞ የዳነን እንስሳ የሚያሳይና የሚቆይ ነው። ሁለቱን የማይለይ ምርመራ ጤነኛ በግ ከወደብ ያስመልሳል። በርበራ ላይ ማቆያ ተሠርቶ እንስሳው ከመጫኑ በፊት ደሙን መመርመር ሲጀመር፣ ናሙና ቀድቶ ውጤት የሚያነብ የአካባቢ ሰው ያስፈልግ ነበር። በበርበራና በቡርኦ መካከል፣ ተራራ ላይ ባለችው ሼክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ክፍተት ሞላ። ከኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ ሠርቷል፤ ኋላም የቀጣናው መንግሥታት ድርጅት የኢጋድ ተቋም ሆኖ ከአባል አገሮች ተማሪ ተቀብሏል። ድንበሩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጅግጅጋም የራሱ አለው። መንጋው አንድ ነው፤ መዝገባቸውና ቤተ ሙከራቸውም ከዛሬው በላይ ሊገናኝ ይገባል ብዬ አምናለሁ። እገዳው ከተነሣ በኋላ ንግዱ አገግሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከመላው ሶማሊያ አምስት ሚሊዮን እንስሳ ወደ ውጭ መላኩን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሲያስታውቅ፣ ከዋነኞቹ መውጫዎች አንዱ በርበራ ነበር።

ክትባቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ለእንስሳት የቆየው ክትባት ያረገዘችን በግ ያስጨነግፋል። ለሰው ፈቃድ አግኝቶ በስፋት የሚሰጥ ክትባት እስካሁን የለም። በኬንያዊው ተመራማሪ ጆርጅ ዋሪምዌ የሚመራ ቡድን ኦክስፎርድ ውስጥ የኮቪድ ክትባት በተሠራበት ዘዴ አንድ አዘጋጅቶ፣ በብሪታንያና በኡጋንዳ በጎ ፈቃደኞች ላይ መሞከር ጀምሯል። እስከዚያው ከ2006ቱ ወረርሽኝ በኋላ የቀጣናው እንስሳት ሐኪሞች ያዘጋጁት መመሪያ በእጅ አለ። መመሪያው እርምጃን በደረጃ ያስቀምጣል፤ ትንበያ ሲወጣ ምን ይደረግ፣ ከባድ ዝናብ ሲጀምር ምን፣ ትንኝ ሲበዛ ምን፣ መጨንገፍ ሲሰማ ምን። ከእነዚህ ደረጃዎች መጀመሪያው ከሳተላይት የሚመጣ ነው፤ የቀሩትን ቀድሞ የሚያያቸው እረኛው ነው።