«አያለሁ» የሚል ዐይን

ዐይን በማከም ለኖረ ሰው ዕውርነት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዕውርነቱን ዐውቆ መድኀኒት የሚሻ አለ፤ ዕውርነቱን ሳያውቅ «አያለሁ» እያለ ወደ ጨለማ የሚገባም አለ። በ1998 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዕውራን መሆናቸውን፣ ለግማሾቹም ምክንያቱ የዐይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ሞራ የጋረደው ሰው ጕዳቱ አይሰወረውምና በልጅ እየተመራ፣ በትሩን እየተደገፈ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ዕውሩ በርጤሜዎስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ሕዝቡ ዝም እንዲል ቢገሥጸው ድምፁን አብልጦ እንዳሰማ፣ እርሱም የሚለምነውን ስለሚያውቅ ተራ ሲጠብቅ ቢውል አይሰለችም። ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካለት፣ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ የልጁን ፊት ያያል።

እጅግ የሚያሳዝነኝ የሌላው ደዌ፣ የግላኮማ፣ ነገር ነው። ይህ ደዌ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዐይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ እየበረታ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ረቂቃን ክሮች ያሉትንና የብርሃንን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ጥቂት በጥቂት ያደርቀዋል፤ በብዛት የሚታየው ዐይነቱም አያምም፣ አያስለቅስም፣ ዐይንንም አያቀላም። ጥፋቱ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል ስለሚገሠግሥ፣ አንዱ ዐይን ያጣውንም ሌላው ስለሚሞላለት፣ በሽተኛው መጽሐፉን እያነበበ፣ ገንዘቡንም እየቈጠረ ብርሃኑ ይሸሸዋል።

ልጃቸው አስገድዳ ያመጣቻቸውን አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ አንድ ዐይናቸውን በመዳፋቸው አስሸፍኜ፣ አፍንጫዬን ብቻ እንዲመለከቱ ነግሬ፣ ጣቴን እያንቀሳቀስሁ ከጎን ወደ መካከል ሳመጣ፣ «ያዩታል፣ አባቴ?» ብላቸው፣ «ምኑን?» አሉኝ፤ ጣቴ አፍንጫዬ አጠገብ እስኪደርስ ድረስም አላዩትም። ነገሩን ባስረዳቸው ጊዜ ተቈጥተው፣ «ልጄ፣ የቅንድብህ ፀጉር ሳይቀር እየታየኝ ዕውር ልትለኝ ነው?» አሉ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ከበራለት በኋላ ፈሪሳውያን ጌታችንን ይህንኑ በሚመስል ቃል ጠይቀውታል። እነርሱ ሕገ ኦሪትን የሚያውቁ፣ ሰንበትን የሚያከብሩ፣ በፊታቸው ያለውን ሁሉ አጥርተው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በደጃቸው ሲለምን የኖረው ወንድማቸው በተፈወሰ ጊዜ የታያቸው የሰንበት መሻር ብቻ ነበር። የእኛም የልቡና ዕውርነት እንዲሁ ከዳር ይጀምራል፤ አጽዋማቱን ሳናጓድል፣ ከቅዳሴ ሳንቀር፣ ዐሥራታችንን እያወጣን፣ ደመወዟ የዘገየባት የቤት ሠራተኛ፣ በድንበር የተጣላነው ጎረቤት፣ በባለጸጋው ደጅ እንደ ወደቀው እንደ አልዓዛርም ያለው ድኻ፣ አንድ በአንድ ከዐይናችን ይጠፋሉ፤ ምንም ስለማያመንም ጤነኞች ይመስለናል።

የግላኮማ ሕክምና ደግሞ ፈተናው ትዕግሥት ነው። ጠብታው የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን ስለማይመልስ፣ በሽተኛው ዕድሜውን ሁሉ ሲጠቀምበት አንድም መሻሻል አይሰማውም፤ ብዙዎችም «ምንም አልጠቀመኝም» ብለው ይተዉታል። የሚጸናው ከገዛ ስሜቱ ይልቅ የመረመረውን የሚያምን ነው። እኒያ ሽማግሌም ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ «ለእኔ ባይታየኝም አንተ አይተሃልና ስጠኝ» ብለው ጠብታውን ተቀበሉ። በዚያች ቃል ውስጥ የእምነት ጠባይ ይታያል። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ጌታችን የቀባው ጭቃ በዐይኑ ላይ እንዳለ፣ አንዳች ሳያይ፣ የታዘዘውን ይዞ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ሄዷል፤ ብርሃን ያገኘው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ያመነው ግን ገና በጨለማው ውስጥ እየተራመደ ሳለ ነው። የሚሰማንን ለውጥ እየጠበቅን ጸሎታችንንና ንስሓችንን የምናዘገይ ሁሉ ይህን መንገድ ልናስተውል ይገባናል።

እኛ ሐኪሞች የደረቀውን ነርቭ ማለምለም አንችልም፤ የነፍስ ሐኪም ክርስቶስ ግን የሞተውንም ኅሊና ያድሳልና፣ በእርሱ ዘንድ ዘግይቶ በመምጣቱ ተስፋ የሚቈረጥበት የለም፤ ፈውስን የሚያጣ ራሱን ለምርመራ ያልሰጠ ብቻ ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜህ ከ40 ካለፈ፣ ይልቁንም ከወላጆችህ ወይም ከወንድም ከእኅቶችህ መካከል ግላኮማ የያዘው ካለ፣ ሳያምህ ዐይንህን አስመርምር። እንዲሁም ኅሊናህ ሳይወቅስህ በነፍስ አባትህ ፊት ተቀመጥ፤ የበደልኸውንም ሰው «ያላየሁልህ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ የሚነግርህን፣ መራራም ቢሆንብህ፣ ተቀበለው።