ኢንሱሊንና የማጣራት ጥበብ

ቡና ላኪዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ከገበሬው የተገዛው ቡና ወደ ውጭ አገር ከመላኩ በፊት ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ በደረጃም ይመደባል። ጠጠርና የተሰበረ ፍሬ የተቀላቀለበት ጆንያ ክብደቱ የቱንም ያህል ቢሆን ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለክብደቱ ብቻ ሳይሆን ለንጽሕናውና ዛሬ የመጣው ከትናንቱ ጋር አንድ ዓይነት ለመሆኑ ጭምር ነውና። ይህ የንግድ ደንብ ወደ መድኃኒት ሥራ በተዛወረ ጊዜ ግን የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የኢንሱሊን ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ኢንሱሊን ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኘው ቆሽት የሚያመነጨው ፕሮቲን ሲሆን፣ ሥራውም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ ማድረግ ነው። ቆሽቱ ይህን ማመንጨት ያቆመ ሰው የበላው ምግብ ስኳር ሆኖ በደሙ ውስጥ ይከማቻል እንጂ ለሰውነቱ ኃይል አይሆነውም። መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለው የስኳር በሽታ የያዘውን ልጅ ሐኪሞች ምግቡን እጅግ በመቀነስ ዕድሜውን ጥቂት ከማራዘም በቀር ሊያድኑት አይችሉም ነበር።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. (ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክቶር ፍሬድሪክ ባንቲንግና ረዳታቸው ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ የምርምር ክፍል ሥራቸውን ጀመሩ። ከቆሽት የተጨመቀውን ፈሳሽ ቆሽታቸው ለወጣ ውሾች በወጉ ጊዜ የደማቸው ስኳር መቀነሱን ተመለከቱ። ቆየት ብለውም ቆሽቱን ከቄራ፣ ከታረዱ ከብቶች ያመጡ ጀመር። ይሁን እንጂ ፈሳሹ ከሚፈለገው ይልቅ የማይፈለገው የበዛበት ስለ ነበረ፣ በዲሴምበር ወር ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ በሥራው ተጨመሩ።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ዓ.ም. በባንቲንግና በቤስት የተዘጋጀው ጭማቂ ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ ሆስፒታል ተሰጠ። የደሙ ስኳር በጥቂቱ ቢቀንስም የተወጋበት ሥፍራ ስላበጠና መግል ስለ ያዘ ሕክምናው ተቋረጠ። ጭማቂው ውስጥ መድኃኒቱ ነበረ፤ ነገር ግን ከጉድፉ ጋር አብሮ ነበረ።

የኮሊፕ ዘዴ በአነጋገር ቀላል ይመስላል። የተፈጨውን ቆሽት በአልኮል ውስጥ ከዘፈዘፉ በኋላ የአልኮሉን ብርታት ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረጉት። እያንዳንዱ ፕሮቲን ከፈሳሹ ተለይቶ የሚዘቅጥበት የየራሱ ልክ አለው። በመጀመሪያ ብዙው ጉድፍ ዘቀጠና ተወገደ፤ ኢንሱሊኑ ግን ከፈሳሹ ጋር ቀረ። አልኮሉ ከ90 በመቶ ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ኢንሱሊኑ ራሱ ዱቄት ሆኖ ዘቀጠ። ኃይሉንም ለጤነኛ ጥንቸሎች በመስጠትና የደማቸውን ስኳር በመለካት አረጋገጡ። ጃንዋሪ 23 ቀን ይኸው የተጣራው መድኃኒት ለዚያው ልጅ ተሰጠ፤ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 520 ሚሊግራም የነበረው ስኳር በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 120 ወረደ። ልጁም እስከ 1935 ዓ.ም. ኖረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለፋብሪካ ባለቤትና ለነጋዴ ታላቅ ትምህርት ነው። በትንሽ ዕቃ የተሳካው ሥራ ወደ ትልቅ ዕቃ በተዛወረ ጊዜ ተበላሸ። አልኮሉ በሚተንበት ጊዜ የሙቀቱ ልክ ጥቂት ሲዛባ መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣ ነበር። ኮሊፕ በገዛ እጃቸው የሠሩትን እንደገና መሥራት ተሳናቸው፤ በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ሕመምተኞች እየጠበቁ መድኃኒቱ ታጣ። የጠፋው ዘዴ እንደገና የተገኘው በሜይ ወር ነው። በዚሁ ወር ኢሊ ሊሊ ከተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ሠሪ ኩባንያ ጋር ውል ተደረገ፤ በዓመቱም መጨረሻ የኩባንያው ኬሚስት ጆርጅ ዋልደን የተሻለ ብልሃት አገኙ። ይኸውም የፈሳሹ አሲድነት በፒኤች መለኪያ 5.3 አካባቢ ሲደርስ ኢንሱሊን በራሱ ጊዜ ከውሃው ተለይቶ እንደሚዘቅጥ መገንዘባቸው ነው። በዚህ ዘዴ መድኃኒቱ ከቀድሞው እጅግ የጠራና ሳይበላሽ የሚቆይ ሆነ፤ በ1923 ዓ.ም. ለገበያ ዋለ።

ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር። ዩኒቨርሲቲውም መብቱን የተጠቀመበት ለትርፍ ሳይሆን ለቁጥጥር ነው፤ ፈቃድ ያገኘ ኩባንያ የምርቱን ናሙና እያቀረበ ማስመርመር ነበረበት። ሚዛን የሌለው ገበያ እንደማይታመን ሁሉ፣ መለኪያ የሌለው መድኃኒትም አይታመንምና በ1925 ዓ.ም. ለመላው ዓለም አንድ መለኪያ ወጣ። የዚያ ጊዜው መለኪያ ዱቄት በ1 ሚሊግራም ውስጥ 8 ዩኒት ኃይል ነበረው። በ1935 ዓ.ም. የተተካው ግን 22 ዩኒት ደረሰ። የሁለቱ ልዩነት የወጣው ጉድፍ ልክ ነው።

የጠራ ነገር ምንነቱም ሊታወቅ ይችላል። በ1926 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆን አቤል ኢንሱሊንን እንደ ጨው ፍሬ አጥርተው አወጡት። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ደግሞ በካምብሪጅ ለብዙ ዓመታት ደክመው፣ የከብት ኢንሱሊን በሁለት ሰንሰለት የተያያዙ 51 አሚኖ አሲዶች መሆኑን፣ ቅደም ተከተላቸውንም ጭምር በ1955 ዓ.ም. አሳይተው ጨረሱ፤ በ1958 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። የከብቱ ኢንሱሊን ከሰው በሦስት፣ የአሳማው ደግሞ በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ እንደሚለይ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ጥሬ ዕቃው ከቄራ እስከ መጣ ድረስ ምርቱ በእርድ ልክ የተወሰነ ነበር፤ 230 ግራም ያህል የተጣራ ኢንሱሊን ለማግኘት ከ2 ቶን በላይ የአሳማ ብልት ያስፈልግ ነበር። በ1978 ዓ.ም. የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ ውስጥ ማሠራት ተቻለ፤ ይኸው መድኃኒት በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ። ቄራው ቢቀርም የማጣራቱ ሥራ አልቀረም፤ ዛሬም የባክቴሪያው ፕሮቲን ከኢንሱሊኑ ተለይቶ መወገድ አለበት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም የታሸገበት ብልቃጥ በመጨረሻ የሚደርሰው ከነጋዴ እጅ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። ሙቀት ኃይሉን ያደክመዋል፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነም ቢቀልጥ አይሠራበትም። ስለዚህ አስመጪው ዕቃው ከአውሮፕላን ወርዶ በጉምሩክ የሚቆይበትን ሰዓት አስቀድሞ ማሰብ፣ ወደ ቆላ አገር የሚላከውንም በማቀዝቀዣ ሣጥን መላክ ይገባዋል። ባለ መድኃኒት ቤቱም ብልቃጡን በረዶ ከሚሠራው የፍሪጅ ክፍል አርቆ ማስቀመጥ፣ ቴርሞሜትሩን በየቀኑ አይቶ መመዝገብ፣ የመብራት መቋረጥም ሲያጋጥም የሚያደርገውን አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት።

የሻገተ ቡና በሽታው ይታወቃል፤ የተበላሸ ዱቄትም በዓይን ይለያል። ኃይሉን ያጣ ኢንሱሊን ግን በብልቃጡ ውስጥ እንደ ደህናው ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ጉድለቱን የሚያውቀው ተወግቶ ስኳሩ ያልወረደለት ሕመምተኛ ነው። ኮሊፕ በሙቀት ልክ መዛባት ያጡት ያ መድኃኒት ዛሬም በመጋዘን ውስጥ በዚያው ምክንያት ሊጠፋ ይችላል። በቤተ ሙከራ የተጀመረው ጥበቃ የሚፈጸመው ስለዚህ በነጋዴው መደርደሪያ ላይ ነው።