ልጃችን በማቆያ ምን ይበላል?

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ሙስሊም ወላጆች ሁለቱም ሥራ ስለሚውሉ ልጃቸውን ለሕፃናት ማቆያ፣ በተለምዶ ዴይኬር ለሚባለው፣ አደራ ይሰጣሉ። ልጁ ቁርሱንም፣ ምሳውንም፣ መክሰሱንም የሚበላው ከእነርሱ ማዕድ ርቆ ነው። ታዲያ «ሳህኑ ላይ የአሳማ ሥጋ ቢቀርብለትስ?» የሚለው ስጋት የማያስጨንቀው ወላጅ የለም። ብዙዎቹ ግን «የመንግሥት ደንብ ነው፤ ምን ይደረጋል!» ብለው ዝም ይላሉ። እስቲ ደንቡን ገለጥ አድርገን እንየው።

የፌዴራሉ መንግሥት ለማቆያዎች የምግብ ወጪ የሚተካበት ፕሮግራም በ1968 እ.ኤ.አ. በሙከራ ተጀምሮ በ1978 ቋሚ ሆነ። ከ1987 ወዲህ አረጋውያንና የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ጎልማሶች የሚውሉባቸውን ማዕከላትም ያቅፋል። ገንዘቡን የሚያገኘው የግብርና ሚኒስቴሩን የምግብ ደንብ የጠበቀ ብቻ ነው። ይህ ደንብ በጥቅምት 2017 በሰፊው ተሻሽሏል።

በምሳ ላይ አምስት ነገር መገኘት አለበት፦ ወተት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እህል፣ እንዲሁም ሥጋ ወይም የሥጋ ምትክ። ውድ አንባቢያን፣ የእኛ ጉዳይ ያለው በዚህች «ምትክ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ እንቁላል፣ አይብና እርጎ ሁሉ በሥጋ ቦታ ይቆጠራሉ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የሚፈለገው አንድ አውንስ ተኩል ሥጋ ነው፤ የበሰለ ምስር ከሆነ የኩባያ 3/8 ይበቃል። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የምስር ወጥ ማለት ነው! ስለዚህ አሳማ አቅርቡ የሚል ሕግ የለም። ሐላል አቅርቡ የሚልም የለም፤ ምርጫው የማቆያው ነው። ምርጫው የእርሱ ከሆነ ደግሞ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ወላጅ በጽሑፍ ካመለከተ በላም ወተት ፋንታ ንጥረ ነገሩ ከእርሱ እኩል የሆነ የአኩሪ አተር ወተት እንዲቀርብ ደንቡ ይፈቅዳል። ከአምስቱ አንዱን፣ ለምሳሌ ሐላል የታረደውን ዶሮ፣ ወላጅ ራሱ ከቤት ቢልክ ማቆያው ሌላውን አሟልቶ እስካቀረበ ድረስ ክፍያው አይቀርበትም። ይህን የማያውቁ የማቆያ ሠራተኞች ስለሚያጋጥሙ በትሕትና ማስረዳት ሊያስፈልግ ይችላል። ከሥጋ ይልቅ የሚዘነጋው ጄላቲን ነው። ማርሽማሎው ውስጥ፣ አንዳንድ እርጎ ውስጥም ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ከአሳማ ቆዳ ይሠራል። የወሩን የምግብ ዝርዝር ስትቀበሉ ይህንን ጠይቁ።

ከሐላሉ ሌላ ጠይብነቱም አለ። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጣፋጭ ጣዕም የተጨመረበት ወተት አይቀርብም፤ ጭማቂም በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆጠርም። ኬክና ብስኩት በእህል ቦታ አይገቡም፤ በማቆያው ወጥ ቤት በብዙ ዘይት መጥበስም ክልክል ነው። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ደግሞ በአንድ አውንስ የቁርስ ሲሪያል ላይ የሚጨመረው ስኳር ከ6 ግራም እንዳያልፍ ተወስኗል። (በቤታችን ለልጆቻችን የምንገዛውን ካርቶን ገልብጠን ብናነብ ስንቱ ያልፍ ይሆን?) ማር መድኃኒት ነው ብለን የምንወደው እኛም ልብ እንበል፦ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ለከባድ የምግብ መመረዝ ሊያጋልጠው ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

በቤታቸው ልጅ የሚጠብቁ እህቶችም በዚሁ ፕሮግራም መታቀፍ ይችላሉ፤ የምግብ ዝርዝራቸውን በየዕለቱ እስከመዘገቡ ድረስ ማዕዱን ሙሉ በሙሉ ሐላል ማድረግ ይፈቀድላቸዋል። ደንቡ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ከነገለባው የተፈጨ እህል ስለሚጠይቅ የጤፍ እንጀራ ይመቻቸዋል፤ ከሱቅ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት ስላለበት ከግማሹ በላይ ጤፍ መሆኑን ጽሑፉ ላይ ማየት ነው። ተምርም በፍራፍሬ ቦታ ይቆጠራል፤ ደረቅ ስለሆነ ሩብ ኩባያው እንደ ግማሽ ኩባያ ይታሰባል። ፍሬው ወጥቶ በደቃቁ ይከተፍ እንጂ።