በአነስተኛ ብርሃን የሚያድጉ የውኃ ውስጥ ዕፀዋት፦ ለጉለሌ መማሪያ ክፍሎች የሚስማማ አኳሪየም

በመማሪያ ክፍል ወይም በመኖሪያ ቤት የሚቀመጥ የመስታወት ገንዳ፣ ማለትም አኳሪየም፣ ብዙውን ጊዜ የዓሣ ማሳያ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ለሳይንስ ትምህርት ግን ከዓሣው ይልቅ ዕፀዋቱ ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ ሕይወት በብርሃን ላይ የቆመ መሆኑን ለዓይን የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብርሃን ባነሰበት ክፍል ያለ ማሞቂያ የውኃ ውስጥ ዕፀዋትን ማሳደግ የሚቻልበትን መንገድ ከጉለሌ ሁኔታ ጋር አገናዝቦ ማስረዳት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1779 እ.ኤ.አ. ያን ኢንገንሆውስ ዕፀዋት አየርን የሚያጠሩት ብርሃን ሲያገኙ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በ1850 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን ወርቃማ ዓሣን፣ ቀንድ አውጣንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውኃ ሣር በአንድ ገንዳ አኑሮ እርስ በርስ እንደሚደጋገፉ አስረድቷል። ቫሊስኔሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ሴራቶፊለም ከሚባለው ሥር አልባ ተክል ጋር በጣና ሐይቅ ይገኛል።

ብርሃንና የተክል ምርጫ

ማንኛውም ተክል ቀንና ሌሊት ይተነፍሳል፤ ምግቡን የሚሠራው ግን በብርሃን ብቻ ነው። የሚሠራው ከሚያቃጥለው ካነሰ ራሱን እየበላ ይከሳል። በአነስተኛ ብርሃን የሚኖሩ ዕፀዋት ልዩነታቸው የሚያቃጥሉት ጥቂት በመሆኑ ነው፤ እድገታቸውም በዚሁ ምክንያት ዝግተኛ ነው። የምዕራብ አፍሪካው አኑቢያስና የደቡብ ምሥራቅ እስያው የጃቫ ፈርን በዚህ ጠባያቸው የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ይታሰራሉ እንጂ አግዳሚ ግንዳቸው በአሸዋ ውስጥ አይቀበርም፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ይሁን እንጂ የሞቃት አገር ዕፀዋት ስለሆኑ በጉለሌ ቅዝቃዜ እድገታቸው ይበልጥ ይዘገያል። ቅዝቃዜን በመቻል ሴራቶፊለምና ቫሊስኔሪያ ይሻላሉ። ቫሊስኔሪያ ግን ከሌሎቹ ጥቂት የበለጠ ብርሃን ስለሚፈልግ በመስኮት በኩል ይተከል።

የጉለሌ ከፍታ የሚያስከትለው ጉዳይ

ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በመሆኑም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠረፍ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው። በቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ የሚፈቅደውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መቀበል የማይገባው ስለዚህ ነው። ዕፀዋቱም ሌሊት ኦክስጅን ተጠቃሚ እንጂ ሰጪ አይደሉም። መጀመሪያ ዕፀዋቱ ይጽኑ፤ ዓሣ የሚጨመር ከሆነ በቁጥር ጥቂትና በአካል ትንንሽ ይሁን።

ገንዳው ደማቅ ብርሃን በሚገባበት፣ ሆኖም ፀሐይ በቀጥታ በማታርፍበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ አልጌን ያበዛል። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ በበጋ ጥላ የነበረው የሰሜን መስኮት ፀሐይ ሊገባበት ይችላል። ያን ጊዜ መስኮቱን በወረቀት መጋረድ ይበቃል። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን መቆየት አለበት።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

የሴራቶፊለም ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጥ። ከአምፖል 10፣ ቀጥሎም 20፣ በመጨረሻም 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ እየተደረገ በደቂቃ የሚወጡት የአየር አረፋዎች ይቆጠሩ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ከአምፖሉ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ቁጥሩን በሰንጠረዥ አስፍረው የአረፋው ብዛት ከብርሃኑ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ራሳቸው ይደምድሙ።

ጥንቃቄ

ተማሪዎችን ዕፀዋት ለመልቀም ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መላክ አይገባም፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በውኃ ዕፀዋት ላይ ይገኛሉ። ከሻጭ የተገኘውም ተክል በጥንቃቄ ይመርመር።

ከዚህ የማያንሰው ሁለተኛው ጥንቃቄ የአኳሪየምን ቅራሪ ይመለከታል። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚነሡት እንደ ቀጨኔ ያሉ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በአዋሽ ተፋሰስ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በጣናም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያስከተለው ጉዳት አንድ መጤ ተክል ምን ሊያደርስ እንደሚችል በቂ ትምህርት ነው። የሴራቶፊለም ቁራጭ ብቻውን እንደገና ይበቅላል። ስለዚህ የተገረዘው ተክል ሁሉ በፀሐይ ደርቆ ይቀበር እንጂ ወደ ቦይ አይጣል።

የሥርዓተ ትምህርት አቅድ አውጪዎች ሊያስተውሉት የሚገባው፣ ይህ መሣሪያ ውድ ቤተ ሙከራ የማይጠይቅ መሆኑን ነው። አንድ የመስታወት ገንዳ፣ ጥቂት አሸዋና ሁለት ዓይነት ተክል ይበቃሉ። ጥላ የሆነ ክፍል ከዚህ ትምህርት የሚቀርበት ምክንያት የለም፤ የሚያስፈልገው ተክሉን ከብርሃኑ፣ የዓሣውንም ቁጥር ከአገሩ ከፍታ ጋር ማመጣጠን ነው።