ግድብና ደለል

ግድብ ውሃን እንደሚይዝ ሁሉ ውሃው ተሸክሞ የሚመጣውን አፈር ደግሞ እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ወንዝ ደለሉን የሚሸከመው በፍጥነቱ ኃይል ነው፤ ከግድቡ ኋላ ወደ ተኛው ሐይቅ ሲገባ ኃይሉ ይደክምና ሸክሙን በዚያው ያራግፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከንግድ ደብዳቤና ከመዝገብ በቀር የምህንድስና ዕውቀት የለውም፤ ነገር ግን የማይሸጥ ዕቃ በየዓመቱ የሚከማችበት መጋዘን ለሚሸጠው ዕቃ ስፍራ እንደሚያጣ ለነጋዴ ማስረዳት አያሻም። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝም ሸክሙ ስለ ቀረ የራሱን ዳርቻና ወለል ይበላል።

በአስዋን በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የተፈጸመው የመጀመሪያው ግድብ 180 በሮች ነበሩት። ከደጋችን የሚወርደው ድፍርስ ጎርፍ እንዲያልፍ በሮቹ ይከፈቱ ነበር፤ ውሃ የሚጠራቀመው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው። በ1970 የተፈጸመው ከፍተኛው ግድብ ግን ደለሉን ከሞላ ጎደል በሙሉ አስቀረ። ግድቡ ለግብፅ የሰጠው ጥቅም ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ሆኖም ወንዙ ያለ ዋጋ ያመጣለት የነበረው ለም አፈር የቀረበት ገበሬ ማዳበሪያ ገዢ ሆነ፤ ራሺድ በሚባለው የዓባይ አፍ ባሕሩ የብሱን ገፋ፤ በዴልታው ፊት ለፊት ይጠመድ የነበረው ሰርዲን ከ1965 በኋላ እጅግ አነሰ፤ ጡብ ሠሪዎችም የእርሻውን አፈር መቍረጥ ያዙ። ይህ ሁሉ በግድቡ የሒሳብ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ወጪ ነው።

የተዘጋውን ደለል መልሶ ማውረድ እንደሚቻል ያሳዩት ቻይናዎች ናቸው። በቢጫው ወንዝ ላይ የሠሩት የሳንመንሺያ ግድብ በ1960 ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ሐይቁ በጥቂት ጊዜ በደለል ይሞላ ጀመር፤ ከላይ ያለው የዌይ ወንዝ ወለልም ከፍ እያለ በዳርቻው ያለውን እርሻ ለጎርፍ አጋለጠው። መሐንዲሶቹ ግድቡን አላፈረሱም። በአጠገቡ ሁለት ዋሻዎች ፈለፈሉ፤ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠሩት ታላላቅ ቧንቧዎች አራቱን የደለል መውጫ አደረጓቸው፤ በግንባታው ጊዜ አገልግለው የተደፈኑትን የታች በሮች ደግሞ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በጎርፍ ወራት ሐይቁ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ድፍርሱ ያልፋል፤ በሌላው ወራት ጥሩ ውሃ ይጠራቀማል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ 1,160 ሜጋዋት እንዲሰጥ የታቀደው ግድብ እንደገና ሲደራጅ በ250 ሜጋዋት መሣሪያ ረክቷል። በዚሁ ወንዝ ላይ በታች በኩል ያለው የሻውላንግዲ ግድብ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ ውሃውን በአንድ ጊዜ በብዛት እየለቀቀ የወንዙን ወለል አስጠርጓል።

በአገራችን በ1960 በአዋሽ ላይ የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ብዙ ስፍራውን ለደለል አስረክቧል። በ2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ከዓባይ ደለል አብዛኛውን ከራሱ ጋር ያስቀራል። በላይ በኩል ያለው ተዳፋት እርከን ሲሠራለትና ሣርና ዛፍ ሲለብስ ወደ ሐይቅ የሚወርደው አፈር ይቀንሳል፤ ይህም ሥራ ደለል ከሐይቅ ከማውጣት እጅግ የረከሰ ነው።