ልም አጥንትን ለመጠገን ስለታሰበው ሃይድሮጄል



ከቦሬ ደጋ በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ነገሌ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛም ሆነ፥ ከብቱን ተከትሎ ሲጓዝ ለሚውል አርብቶ አደር ከጉልበቱ የበለጠ ባለውለታ የለውም። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን በመገጣጠሚያ ውስጥ ስላለው ልም አጥንትና እርሱን ለመጠገን ስለታሰበው ሃይድሮጄል ይሆናል።

ልም አጥንት የአጥንትን ጫፍ የሚያለብስ፥ ለስላሳ ሆኖ ጽኑ የሆነ ሽፋን ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ስንራመድ ጉልበታችን ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ሸክም ሲያርፍበት፥ ልም አጥንቱ ውኃውን በመጠኑ ይለቃል፤ ስናርፍም መልሶ ይመጥጣል። ነገር ግን የደም ሥር የለውም። ቁስል የሚጠገነው ደም በሚያደርሰው ምግብና ሕዋስ ስለ ሆነ፥ ልም አጥንት አንድ ጊዜ ከተቦደሰ በራሱ ለመዳን እጅግ ይቸገራል። ይህንንም ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ሃንተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1743 ጽፎት ነበር።

ሃይድሮጄልስ ምንድን ነው? በቦረና ቆላ ከግራር የሚለቀመው ሙጫ ውኃ ውስጥ ቢጨመር ሟሙቶ ያልቃል፤ ደቃቅ ክሮቹ እርስ በርሳቸው አልታሰሩምና። እንዲህ ያሉ ክሮች እንደ መረብ ቢተሳሰሩ ግን ውኃውን ጠጥተው ያብጣሉ እንጂ አይሟሙም። ሃይድሮጄል ይህ መረብ ነው። የቼኮዝሎቫኪያ ሊቃውንት ኦቶ ዊክተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ለሰው አካል የሚስማማውን ዓይነት በ1960 ገለጡ፤ ዓይን ላይ የሚደረገው ለስላሳ ሌንስም ከዚህ ሥራ የተገኘ ነው።

በ1994 የስዊድን ሐኪሞች ከበሽተኛው ልም አጥንት ሕዋሳት ወስደው፥ በቤተ ሙከራ አባዝተው፥ በተጎዳው ስፍራ መልሰው እንደ ተከሉ አስታወቁ። ሃይድሮጄል እነዚህን ሕዋሳት በቦታቸው ሊያቆይ ይችላል። በፈሳሽነቱ ቁስሉን ይሞላል፤ ከዚያም ወተት ረግቶ እርጎ እንደሚሆን፥ በብርሃን ወይም በሌላ ዘዴ ይረጋል። ሕዋሳቱ አዲስ ሥጋ ሲሠሩ እርሱ እንደ ግንበኛ መወጣጫ እንጨት ሥራውን ፈጽሞ ቀስ በቀስ ይወገዳል። ችግሩ መወጣጫው ቀድሞ ከፈረሰ ሥራው መበላሸቱ፥ ከዘገየም አዲሱን ሥጋ ማጨናነቁ ነው።

እንግዲህ ተስፋው በይበልጥ ለትንሽና ለተወሰነ ጉዳት እንጂ፥ በዕድሜ ብዛት ሙሉ በሙሉ ላለቀ ጉልበት ገና አይደለም። ስለዚህ ያለንን መጠበቅ ይገባል። ያበጠ ወይም አልታጠፍ ያለ ጉልበት በኀይል ከመታሸቱና ከመጎተቱ በፊት ሐኪም ይየው፤ የጭን ጡንቻም በእንቅስቃሴ ይጠንክር፤ የሰውነት ክብደትም በልክ ይሁን።