ሜዳ ያልነበረው ሻምፒዮን፦ የፋሲል ከነማ የ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመንና የተማከለው ሊግ

መግቢያ

በሊግ ውድድር የአንድ ክለብ የውድድር ዘመን ከጥንት ጀምሮ በሁለት ሚዛን ይመዘናል፤ ቡድኑ በሜዳው ምን ያህል ነጥብ ሰበሰበ፣ ከሜዳው ውጭስ ምን ያህሉን ይዞ ተመለሰ የሚሉት ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ይህ ሚዛን ቀርቶ ነበር። ተሳታፊዎቹ 13 ክለቦች ወደየከተሞቻቸው ሳይመለሱ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። በዚሁ ዓመት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በጎንደር ግን አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም።

ይህ ጽሑፍ ያንን የውድድር ዘመን መነሻ በማድረግ ሊጉ ለምን በዚህ መልክ እንደተደራጀና ለውጡ በክለብና በከተማ መካከል ያለውን ትስስር እንዴት እንደነካው ያብራራል። ለንጽጽርም በዚያው ዓመት በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ያለፈውን የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ የክሪኬት ውድድር ይጠቅሳል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ የኢትዮጵያው ሊግ ከፍራንቻይዝ ሊጎች የሽያጭ ቅርጹን ወሰደ፣ ያንን ቅርጽ የሚደግፈውን የባለቤትነት መሠረት ግን አልወሰደም። ስለዚህም ሻምፒዮኑ ክብሩን ሲያገኝ ከተማው ሜዳውን አጣ።

ከአንድ ነጥብ እስከ ዋንጫ

ፋሲል ከነማ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲመጣ ከታላላቆቹ ተርታ የሚቆጠር ክለብ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ እስከ መጨረሻው ቀን ለዋንጫ ታገለ፤ በመቐለ 70 እንደርታም በአንድ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ። በተከታዩ ዓመት አሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ቡድኑን ተረከቡ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። በመሆኑም በ2013 ዓ.ም. ወደ ውድድር የገባው ፋሲል በአንድ ነጥብ ያመለጠው ዋንጫ ቁጭት ከነበረበት በኋላ ተጨማሪ አንድ ዓመት የባከነበት ቡድን ነበር።

ሊጉ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከቀድሞው የተለየ ገጽታ ነበረው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራትና ስሑል ሽረ አልተሳተፉም። የቀሩት 13 ክለቦች እያንዳንዳቸው 24 ጨዋታ እንዲያደርጉ ሆነ፤ ቁጥራቸው ጎዶሎ በመሆኑም በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፍ ነበር።

ውድድሩ ለምን በአንድ ቦታ ተሰበሰበ?

ለዚህ ውሳኔ ሦስት ምክንያቶች በአንድነት ተጋጥመዋል።

የመጀመሪያው ወረርሽኙ ነው። ተጫዋቾችን በየሳምንቱ ከከተማ ወደ ከተማ ከማመላለስ በአንድ ሥፍራ ሰብስቦ መመርመርና መቆጣጠር ይቀል ነበር።

ሁለተኛው የቀጥታ ስርጭት ነው። በክለቦቹ የጋራ ባለቤትነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የስርጭት መብቱን በአምስት ዓመት ውል ለዲኤስቲቪ ሸጦ ነበር፤ ጨዋታዎቹም በሱፐር ስፖርት መታየት የጀመሩት በዚህ ዓመት ነው። የቀጥታ ስርጭት በርካታ ካሜራዎችን፣ የማስተላለፊያ ተሽከርካሪንና የሠለጠነ ቡድንን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ከተሞች ላይ መትከል ውድ ነው፤ የብዙዎቹ ስታዲየሞች ሣርና መብራትም ለቴሌቪዥን የሚበቃ አልነበረም። መሣሪያው በአንድ ስታዲየም ተተክሎ ቡድኖቹ ወደ እርሱ ሲመጡ ግን በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ማስተላለፍ ይቻላል። ቀድሞ ተመልካች ወደ ቡድኑ ሜዳ ይሄድ ነበር፤ አሁን ቡድኑ ወደ ካሜራው ሄደ።

ሦስተኛው ምክንያት ጸጥታ ነው። ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ዓመታት በክልሎች መካከል የነበረው ውጥረት ወደ ስታዲየም ገብቶ አንዳንድ ጨዋታዎች እንዲራዘሙ ወይም በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ አስገድዶ ነበር። ስለዚህ የገለልተኛ ሜዳ ሐሳብ ከወረርሽኙ በፊትም የታወቀ ነበር፤ ወረርሽኙና ካሜራው ከልዩ መፍትሔነት ወደ መደበኛ ሥርዓትነት ለወጡት።

የዙር ጉዞውና የቡድኑ አኗኗር

በቀድሞው ሥርዓት ፋሲል አንድ ሳምንት ወጥቶ ተጫውቶ ለተከታዩ ጨዋታ ወደ ጎንደር ይመለስ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ቡድኑ በአንድ ከተማ ሆቴል ሳምንታትን ተቀምጦ፣ በርካታ ዙሮችን እዚያው ጨርሶ ወደ ተከታዩ ከተማ ይሻገራል። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው አዲስ አበባ ጀምሮ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተጓዘ። ለጎንደር ደጋፊ የቀረበው የባሕር ዳር ቆይታ ነበር፤ እርሱም ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዚያ ላይ በዓመቱ የተመልካች ቁጥር በኮሮና መመሪያ የተገደበ ነበር።

እንዲህ ያለው ኑሮ የአሠልጣኙን ሥራም ይቀይረዋል። ጨዋታዎቹ ይቀራረባሉ፣ የማገገሚያው ጊዜ ያጥራል፣ ተጫዋቾች ከቤተሰብ ተለይተው ይቆያሉ። ውጤት ሲበላሽ በሜዳው ደጋፊ ፊት የሚካስበት ዕድል የለም። በተቃራኒው በሜዳው ደጋፊ የሚጨነቅም ሆነ በእንግዳ ደጋፊ የሚረበሽ ቡድን የለም። ጥቅም የሚያገኘው የተረጋጋ አሰላለፍና ጠንካራ ተቀያሪ ያለው ቡድን ነው። ፋሲል ሁለቱንም ነበረው። ግቡን ማሊያዊው ሳማኬ ሚኬል ሲጠብቅ፣ ተከላካዩን ክፍል አምበሉ ያሬድ ባየህ ይመራ ነበር፤ ከፊት ሙጂብ ቃሲም ጎል ያስቆጥር ነበር።

የዓመቱ ታላቅ የግል ስኬት የተመዘገበው በሌላ ክለብ ነው። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎሎችን አስቆጥሮ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በ25 ጎል ያስመዘገበውን የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫው ግን ወደ ፋሲል ሄደ፤ ሻምፒዮንነቱም የተረጋገጠው የመጨረሻው ዙር ሳይደርስ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ እጅግ ያስቆጠረው ተጫዋች በአንድ ክለብ፣ ዋንጫው በሌላ ክለብ መገኘታቸው ውድድሩ የተሸነፈው በአንድ ኮከብ ብቃት ሳይሆን በቡድን ጽናት እንደነበር ያመለክታል።

ከክሪኬት የሚገኝ ንጽጽር

በኢትዮጵያ ብዙም የማይታወቀው ክሪኬት በዱላና በኳስ የሚደረግ ጨዋታ ነው። አንዱ ቡድን ኳሱን ሲወረውር ሌላው እየመታና እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ለእያንዳንዱ ቡድን 120 ኳሶች ብቻ የሚሰጠውን አጭሩን ዓይነት ይጠቀማል፤ አንድ ጨዋታ በአንድ ምሽት እንዲያልቅ የተደረገው ለቴሌቪዥን እንዲመች ነው።

ይህም ሊግ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሜዳውን አጥቶ ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ስምንቱ ቡድኖች ከሕንድ ወጥተው ከመስከረም 9 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2013 ዓ.ም. 60 ጨዋታዎችን በዱባይ፣ በአቡ ዳቢና በሻርጃ አደረጉ። ሙምባይ ኢንዲያንስ ዴልሂ ካፒታልስን አሸንፎ ዋንጫውን ያነሣው ዱባይ ላይ ነው። ከአንድ ወር በኋላ የኢትዮጵያ ሊግ ተጀመረ። ሁለቱ ሊጎች በስያሜ ሽያጭም ይመሳሰሉ ነበር፤ የሕንዱ ሊግ በዚያ ዓመት የጨዋታ ትንበያ ኩባንያውን የድሪም ኢለቨንን ስም ሲይዝ፣ የኢትዮጵያው ቤትኪንግ በተባለ የስፖርት ውርርድ ድርጅት ስም ተጠራ።

ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው። በሕንድ እያንዳንዱ ቡድን በጨረታ የተገዛ የግል ሀብት ነው። ባለቤቱ ድርሻውን ሊሸጥ ይችላል፤ ቡድኑ ቢሸነፍም ከሊጉ አይወርድም። ለተጫዋቾች የሚወጣው ገንዘብም በጣሪያ የተወሰነ ነው፤ በዚያ ዓመት ጣሪያው ለአንድ ቡድን 850 ሚሊዮን ሩፒ ነበር። ስለዚህ የሙምባይ ቡድን አንድ ዓመት ከከተማው ቢርቅ የሚያጣው የአንድ ዓመት የመግቢያ ትኬት ነው፤ ዋናው ገቢ ከቴሌቪዥን ይመጣል፣ የቡድኑም ዋጋ አይቀንስም።

የኢትዮጵያ ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ድርሻቸው በገበያ አይሸጥም፤ ከሊጉ መውረድም አለባቸው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ይህ ጣሪያ የተጣለው በግለሰብ ተጫዋች ደመወዝ ላይ እንጂ በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የሆቴል ቆይታ፣ የጉዞና የዝውውር ወጪ በበጀቱ ላይ ሲደመር የሚሸከመው የከተማው ግምጃ ቤት ነው። የስርጭቱ ገቢ ለክለቦቹ ቢከፋፈልም፣ ከሜዳቸው የጠፋውን የትኬት ገቢና የከተማውን የጨዋታ ቀን ገበያ እንዲተካ ተብሎ የተቀረጸ አይደለም።

ማን ምን አጣ?

የመማከሉ ጫና በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። የአዲስ አበባ ክለቦች፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ጭምር፣ ለረጅም ዘመን አንዱን የአዲስ አበባ ስታዲየም በጋራ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ለእነርሱ «ሜዳ» ማለት ቀድሞውንም ከተቀናቃኝ ጋር የሚካፈሉት ነበር። በልደታ ክፍለ ከተማ በጠመንጃ ያዥ የሚኖር ደጋፊ በሜክሲኮ አደባባይ አልፎ ስታዲየም መድረስ ይችላል፤ ከካታንጋ እስከ ጥላ ፎቅ ያለውን መቀመጫ ሲመርጥም የሚያስበው ስለ ትኬቱ ዋጋና ስለ ጓደኞቹ ነው። ውድድሩ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የእንግሊዝን ሊግ ወደለመደበት የሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባል። ለእርሱ የሀገሩ ሊግ በዚያው ስክሪን መታየቱ አዲስ ክብር ነው፤ ውድድሩም ወደ አዲስ አበባ በመጣበት ጊዜ በእግሩ ሊደርስበት ይችላል።

ለጎንደር ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ከነማ» የሚለው ቃል «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተውጣጣ ምኅጻረ ቃል ነው። በስሙ ነዋሪን የያዘ ክለብ በነዋሪው ፊት ሳይጫወት ሻምፒዮን ሆነ። በጨዋታ ቀን የፋሲለደስ ስታዲየም አካባቢ የሚሞላው የማልያ ሻጭ፣ የቆሎ ነጋዴ፣ የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ከገጠር ወረዳዎች የሚመጣው ደጋፊ ሁሉ ከውድድሩ ኢኮኖሚ ወጣ። ከሁሉም በላይ የጎንደር ታዳጊ ተጫዋች አርአያዎቹን በቅርብ የሚያይበት ዕድል ጠበበ። ይህ ጉዳት በደረጃ ሰንጠረዥ አይታይም።

በአንጻሩ ስርጭቱ የሰጠው ጥቅም መካድ የለበትም። ቀድሞ ከስታዲየሙ ውጭ ላለ ተመልካች ይደበቅ የነበረው የተጫዋቾች ብቃት ለአፍሪካ ክለቦች ታየ፤ ዳኝነቱም በሕዝብ ፊት ተመረመረ። አቡበከር ናስር ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛውሯል።

ሻምፒዮኑ በአህጉር መድረክ

የሜዳ ዋጋ ብዙም ሳይቆይ በሌላ መንገድ ተገለጠ። ፋሲል በ2014 ዓ.ም. መባቻ በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተገናኘ። በሜዳው የሚያደርገው ጨዋታ የተካሄደው በጎንደር ሳይሆን በባሕር ዳር ነበር፤ 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። የመልሱ ጨዋታ 1 ለ 1 በመሆኑ ድምር ውጤቱ 3 ለ 3 ሲሆን፣ ከሜዳ ውጭ ብዙ ጎል ያስቆጠረው አል ሂላል አለፈ። ባለፈው ዓመት «ሜዳ» የሚባል ነገር በሌለበት ሊግ የነገሠው ቡድን፣ በሜዳና ከሜዳ ውጭ ልዩነት ላይ በቆመ ሕግ ተሰናበተ።

በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ብሔራዊ ቡድኑ ደቡብ አፍሪካን በባሕር ዳር ከገጠመ በኋላ ስታዲየሙ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት ታገደ። ኢትዮጵያም ከጋና ጋር ያላትን «የሜዳ» ጨዋታ በጆሃንስበርግ ለማድረግ ተገደደች። ክለቡ የገጠመውን እጦት ሀገሪቱም ደረሰችበት።

ማጠቃለያ

ፋሲል ከነማ በተከታዩ ዓመት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ፤ ሊጉም በተመረጡ ከተሞች የመሰብሰብ ሥርዓቱን ቀጠለበት። ለአንድ ክፉ ዓመት የተበጀው መፍትሔ ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ጸና። የሕንዱ ሊግ ግን ቡድኖቹን ወደየከተሞቻቸው መልሷል፤ ቴሌቪዥን የሚሸጠው ድምቀት የሚመጣው ከሞላ ስታዲየም መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ከዚህ የውድድር ዘመን ሦስት ነጥቦች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ በገለልተኛ ሜዳ የተገኘ ሻምፒዮንነት ከሌላው አያንስም፤ ሁሉም በእንግድነት የተጫወተበት ውድድር የቡድንን ጽናት በግልጽ ይመዝናል። ሁለተኛ፣ መማከል የስርጭት ጥራትን ያመጣው የስታዲየም ጉድለትን በማለፍ እንጂ በማስተካከል አይደለም፤ ጉድለቱም በአህጉር ውድድር ላይ ዋጋ አስከፍሏል። ሦስተኛ፣ ክለቡን በበጀቱ የሚያኖረው የከተማው ነዋሪ እስከሆነ ድረስ፣ ቡድኑን በሜዳው ማየት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለከፈለው ገንዘብ የሚገባው መብት ነው። በአንድ የውድድር ዘመን እያንዳንዱ ክለብ ቢያንስ የተወሰኑ ጨዋታዎችን በከተማው የሚያደርግበት የተቀላቀለ መርሐ ግብር፣ ከስታዲየም ማሻሻያ ጋር ተያይዞ ቢታሰብ፣ ካሜራውንም ከተማውንም የሚያስታርቅ መነሻ ይሆናል።